አኖፌለስ ስቴፈንሲ፦ ከተማ የለመደችው የወባ ትንኝ የት ትገኛለች? በምንስ ትለያለች?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አኖፌለስ ስቴፈንሲ ምንድን ናት? ከምናውቃት የወባ ትንኝ ጋር ልዩነቷ ምንድን ነው?

ወባን ከሚያስተላልፉት የአኖፌለስ ዝርያዎች አንዷ ናት። በኢትዮጵያ ስለ ወባ ሲነሣ ለብዙ ዘመን ተጠያቂ የነበረችው ሌላ ዝርያ ናት፤ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ትባላለች። አረቢየንሲስ ዝናብ ትከተላለች። ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ በሚያገኛቸው ትንንሽ ኩሬዎች፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጉድጓድ፣ ወንዝ ሲጎድል በሚቀር ውኃ ትራባለች፤ በዚህ ምክንያት ወባም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ገበሬውም ሐኪሙም ይህን የጊዜ ሰሌዳ ያውቀዋል።

ስቴፈንሲ ይህን ሰሌዳ አፍርሳለች። የምትራባው ሰው ለራሱ ባጠራቀመው ውኃ ነው፦ በሮቶ፣ በበርሜል፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ ለግንባታ በተቆፈረና በላስቲክ በተነጠፈ ጉድጓድ። ዝናብ ቢጠፋ ሰው ውኃ ማጠራቀሙን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ደረቁ ወቅት አያግዳትም። ሁለቱን ዋና ዋና የወባ ተዋሲያን ማለትም ፋልሲፓረምንም ቫይቫክስንም ታስተላልፋለች። ይህም በአዋሽ ሰባት ኪሎ በተደረገ ጥናት በኢትዮጵያ ምድር ተረጋግጧል።

የመጀመሪያ አገሯ የት ነው?

እስያ ናት። ዝርያዋ ለሳይንስ የተመዘገበችው በ1901 ከሕንድ በተገኙ ናሙናዎች ነው። ነባር ክልሏ ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከአፍጋኒስታን ተነሥቶ በኢራንና በኢራቅ በኩል እስከ ዐረብ ባሕረ ገብ ምድር ይደርሳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ በምያንማርና በታይላንድ አልፎ ደቡብ ቻይናን ይነካል። በሕንድ ከተሞች የወባ ዋና አስተላላፊ እርሷ ናት። ሙምባይ ከመቶ ዓመት በላይ ታግላታለች። እዚያ ከየቤቱ ጣራ ላይ የሚቀመጥ የውኃ ታንከር ትንኝ የማያስገባ ክዳን፣ ለተቆጣጣሪም የሚሆን መሰላል እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ያቺ ከተማ በብዙ ወጪ የተማረችውን እኛ ከዜሮ መጀመር የለብንም፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ዋናው ነገር ይኸው ነው።

በእስያ ሦስት መልኮች እንዳሏት ይታወቃል። የሚለዩት በእንቁላሏ ነው፤ በእንቁላሉ ግራና ቀኝ ባለው ተንሳፋፊ ክፍል ላይ ያሉትን ሽንትሮች በማይክሮስኮፕ በመቁጠር። ከ14 እስከ 22 ከሆነ ዋናው ዓይነት፣ ከ12 እስከ 17 ከሆነ መካከለኛው፣ ከ9 እስከ 15 ከሆነ ማይሶረንሲስ የሚባለው ነው። ቁጥሮቹ እንደሚያዩት ይደራረባሉ፤ ስለዚህ ከአንድ እንቁላል ተነሥቶ ፍርድ መስጠት አይቻልም።

ወደ አፍሪካ መቼ ገባች?

ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ የተመዘገበችው በ2012 በጂቡቲ ነው። ጂቡቲ በዚያን ጊዜ ወባን ጨርሳ ለማጥፋት በዝግጅት ላይ ነበረች፤ በዓመቱ የተመዘገቡት ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። የሕዝቧ ብዛት አንድ ሚሊዮን ገደማ ለሆነ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አያዳግትም። ለጭማሪው ሁሉ ተጠያቂዋ ትንኟ ብቻ ናት ማለት ባይቻልም፣ በከተማ መካከል በጋ ከክረምት የሚራባ አስተላላፊ ከመጣ በኋላ መሆኑን ማንም አይክድም።

ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በናይጄሪያ፣ በኬንያ፣ በጋናና በኤርትራ ተገኝታለች። ከአፍሪካ ውጭም ስሪላንካ ከወባ ነጻ መሆኗ በ2016 በተረጋገጠ ማግስት በሰሜናዊ ምዕራብ ጠረፏ ታየች፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመን ተመዝግባለች። የተገኘችበት ዓመት የገባችበት ዓመት አለመሆኑን ልብ ይሏል። አንድ አገር ትንኟን «አገኘ» የሚባለው ፈልጎ ሲያያት ነው፤ ያልፈለገ አገር ካርታ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

በኢትዮጵያስ የት የት ተገኝታለች?

መጀመሪያ የታወቀችው በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር በተሰበሰቡ ናሙናዎች ነው። ውጤቱ በ2018 ታተመ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ አሰሳዎች በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል በስፋት መሰራጨቷ ተረጋገጠ፦ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ ደገሃቡር፣ ጎዴ፣ ሰመራ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ። አሰሳው ወደ መሐል አገርና ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲገፋ ደግሞ በመተሐራ፣ ቆይቶም በሐዋሳ ተገኘች።

እነዚህን ከተሞች በካርታ ላይ ያገናኙ እንደሆነ የሚታየው ነገር ዓይን ይስባል። ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ መሐል አገር የሚመጣው የጭነት መንገድና የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባቸው፣ ወይም ከሶማሊያ ጠረፍ ጋር በንግድ የተሳሰሩ ቦታዎች ይበዙባቸዋል። የትንኟ ካርታ የወንዝና የረግረግ ካርታ ሳይሆን የሸቀጥና የውኃ እጥረት ካርታ ይመስላል።

እንዴት ገባች?

በዘር ቅንጣት ንጽጽር የኢትዮጵያዎቹ ትንኞች ከደቡብ እስያዎቹ ጋር እንደሚዛመዱ ታይቷል። መንገዱን በተመለከተ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠረጥሩት የመርከብ ጭነትን፣ ከዚያም የየብስ ትራንስፖርትን ነው። በከፍታ ላይ የሚነፍስ ነፋስ ትንኞችን ረጅም ርቀት ሊወስድ እንደሚችልም የሚሟገቱ አሉ። ሁለቱም አብረው ሊሠሩ ይችላሉ።

በድሬዳዋ ምን ተፈጠረ?

በድሬዳዋ ከጥር እስከ ግንቦት 2019 ባሉት ወራት የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 205 ነበሩ። በ2022 በተመሳሳይ ወራት ግን ከ2,400 በላይ ሆኑ። ወራቱን ያስተውሉ፤ ወባ በልማዱ ጋብ የሚልበት ጊዜ ነው። ከበሽታው ተጠቂዎች መካከል በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሎች የሚኖሩ ተማሪዎች ነበሩበት። በአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የተመራው ቡድን ሕሙማኑ በሚኖሩበት አካባቢ ያሉትን ትንኞች ሲሰበስብ ከተያዙት ጎልማሳ አኖፌለሶች 97 በመቶ የሚሆኑት ስቴፈንሲ ሆኑ። ተዋሲውን የያዙ ትንኞችም ተገኙ። በሽታ የተገኘባቸው ቤቶች ውኃ ያጠራቀሙ ዕቃዎችና ትንኟ በብዛት የታዩባቸው ነበሩ። ውጤቱ በ2023 ታተመ።

በሙያው ላሉ ሰዎች የበለጠ ያሳሰባቸው ሌላ ግኝትም አለ። ከሕሙማኑ ደም የተገኙት ተዋሲያን መካከል በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ ሊያያቸው የማይችሉ፣ ለመድኃኒት መላመድ ምልክት የሆነ የዘር ለውጥ የያዙም ነበሩ። በከተማ የምትራባ ትንኝና በምርመራ የማይገኝ ተዋሲ ሲጣመሩ ችግሩ ድርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 በአገሪቱ የታየው ከፍተኛ የወባ ጭማሪ በዚህች ትንኝ ምክንያት ነው?

በአብዛኛው አይደለም፤ ይህን ማሳሳት ደግሞ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን መመዝገባቸውን ገልጿል፤ ከፍተኛው ድርሻ የኦሮሚያ ሲሆን አማራ፣ ደቡብ ምዕራብና ደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ይከተሉታል። በእነዚህ አካባቢዎች ገጠር ዋናዋ አስተላላፊ ዛሬም አረቢየንሲስ ናት። ግጭት ጤና ጣቢያዎችን መዝጋቱ፣ አጎበርና ርጭት መስተጓጎሉ፣ የአየር ጠባይ መዛባቱ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። አዲሷን ትንኝ ለሁሉም ተጠያቂ ማድረግ ለአሮጌው ችግር ይቅርታ መስጠት ነው።

ቤቴ ግድግዳ ላይ ያረፈችው ትንኝ የወባ ትንኝ መሆኗን በዓይኔ ማወቅ እችላለሁ?

አኖፌለስ መሆኗን ብዙ ጊዜ ይችላሉ። አስተራረፏን ይመልከቱ። አኖፌለስ ስታርፍ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው ደፍታ ኋላዋን ወደ ላይ ታነሣለች፤ ሰውነቷ ከመውጊያዋ እስከ ጅራቷ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ማታ ጆሮ ሥር የምትጮኸው ተራዋ ቢምቢ፣ ኩሌክስ የምትባለው፣ ጎበጥ ብላ ሆዷን ከግድግዳው ጋር አስተካክላ ትቀመጣለች። ክንፎቹም ይናገራሉ፦ የአኖፌለስ ክንፍ ጥቁርና ነጣ ያሉ ነጥቦች ያሉበት ሲሆን የኩሌክስ ግን አንድ ዓይነት ቀለም ነው።

ሦስተኛዋ ኤዴስ ናት። ጥቁር ሆና እግሮቿ ላይ ደማቅ ነጭ ቀለበቶች አሏት፤ የምትናከሰውም በቀን ነው። ወባ አታስተላልፍም። የምታስተላልፈው ደንጊንና ቺኩንጉንያን ነው፤ ድሬዳዋ በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። ኤዴስና ስቴፈንሲ በአንድ በርሜል ውስጥ አብረው ሲያድጉ መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ለመናከስ የምትመጣው ሴቷ ብቻ ናት። አንቴናው እንደ ላባ የተንዠረገገ ትንኝ ካዩ ወንድ ነው፤ ይለፉት።

ስቴፈንሲን ከአረቢየንሲስ በዓይን መለየት ይቻላል?

በባዶ ዓይን አይቻልም። በእጅ ማጉያ መነጽር ልምድ ያለው ሰው ሊጠረጥር ይችላል፤ በማይክሮስኮፕ የሠለጠነ ባለሙያ ይለያታል፤ እርሱም ትንኟ ሳትደቅና ቅርፊቷ ሳይራገፍ ከደረሰችው ነው። በጥፊ ተመትታ የመጣችን ትንኝ ማንም አይለያትም።

ምልክቶቹ ጭንቅላቷ ላይ ይጀምራሉ። ከመውጊያዋ ግራና ቀኝ የሚወጡ ሁለት ረጃጅም ዳሳሾች አሏት፤ በሴት አኖፌለስ ሁሉ ከመውጊያው ጋር እኩል ይረዝማሉ። በሁለቱም ዝርያዎች ዳሳሾቹ ላይ ሦስት ነጣ ያሉ ቀለበቶች አሉ። በስቴፈንሲ ወደ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ ናቸው፤ በቀለበቶቹ መካከል ባለው ጥቁር ቦታም ነጫጭ ነጠብጣቦች ተረጭተውበታል። በአረቢየንሲስ ቀለበቶቹ ጠበብ ይላሉ፣ መካከሉም ንጹሕ ጥቁር ነው። ቀጥሎ ጀርባዋን ይመለከታሉ፦ ስቴፈንሲ የደረቷን ጀርባ የሸፈኑ ሰፋ ያሉ ነጣ ያሉ ቅርፊቶች ስላሏት ከላይ ስትታይ ዱቄት የተነሰነሰባት ትመስላለች። በመጨረሻ የክንፏ ጠርዝ ላይ ያሉት ጥቁር ነጥቦች አደራደር ይነጻጸራል።

የሚያሳስተው እግራቸው ነው። በሁለቱም ጭንና ቅልጥም ላይ ነጠብጣብ ስላለ፣ እግሩን ብቻ አይቶ «ይህች አረቢየንሲስ ናት» ማለት ቀላል ነው። በዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት በአፍሪካ ባለሙያዎች እጅ የነበረው፣ በ1987 የወጣው የመለያ መመሪያ ስቴፈንሲን አልያዘም፤ በዘመኑ በአህጉሩ አልታወቀችምና። መመሪያውን ደረጃ በደረጃ ተከትሎ የሄደ ጠንቃቃ ሰው እንኳ መድረሻው አረቢየንሲስ ያለችበት ቡድን ይሆን ነበር። የታደሰው መመሪያ የወጣው በ2020 ነው።

ሌላዋ በአገራችን የምትገኝ ፋሮኤንሲስ ግን አታሳስትም። ገዘፍ ያለች ናት፤ በሆዷ ጎንና ጎን የቆሙ የቅርፊት ጉንጉኖች አሏት፤ የኋላ እግሯ ጫፍም ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው።

በጎን ለማንሣት ያህል፦ በ2013 በይፋ ስም ከወጣላቸው አረቢየንሲስ ያለችበት ቡድን አባላት አንዷ አኖፌለስ አማሪከስ ትባላለች። በኢትዮጵያ ብቻ የምትታወቅ፣ ከብት የምታዘወትር ናት፤ በወባ አስተላላፊነት አትከሰስም። ሁሉም አኖፌለስ ጠላት አለመሆኑን ለማስታወስ ጥሩ ምሳሌ ናት።

በሮቶዬ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ትሎች አየሁ። የወባ ትንኝ ዕጭ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይህ ለቤት ባለቤት ከሁሉም የሚጠቅመው ጥያቄ ነው፤ የጎልማሳዋን ቅርፊት ከመቁጠር ይልቅ ዕጩን ማወቅ ይቀላል። ለጥቂት ደቂቃ ውኃውን ሳይነኩ ይጠብቁ፤ ጥላዎ ሲያርፍበት ዕጮቹ ወደ ታች ይሸሻሉና።

የአኖፌለስ ዕጭ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። የኩሌክስና የኤዴስ ዕጮች ከጅራታቸው የሚወጣ የመተንፈሻ ቱቦ ስላላቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። አኖፌለስ ይህ ቱቦ የለውም፤ አየር የሚያገኘው ጀርባውን ከገጹ ጋር አስጠግቶ ነው። ስለዚህ የተኛ ዕጭ ካዩ አኖፌለስ ነው፤ የተንጠለጠለ ካዩ ሌላ ነው። እንቁላሉም ይለያል፦ ኩሌክስ እንቁላሎቿን አጣብቃ ተንሳፋፊ ስታደርጋቸው አኖፌለስ ግን አንድ በአንድ በውኃው ላይ ትጥላቸዋለች።

አኖፌለስ መሆኑን ካረጋገጡ፣ ዕጩ የተገኘበት ዕቃ የቀረውን ይናገራል። አረቢየንሲስ ሮቶ ውስጥ ፈጽሞ አትገኝም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በየካቲት፣ በከተማ መካከል፣ በተዘጋ ግቢ፣ በበርሜል ውስጥ የተኛ ዕጭ ካዩ ስቴፈንሲን ቀዳሚ ተጠርጣሪ ማድረግ ትክክል ነው። እኔ ብጠየቅ ይህችን ትንኝ ከመልኳ ይልቅ መኖሪያዋና ወሯ ያጋልጧታል እላለሁ።

የመጨረሻው ማረጋገጫ እንዴት ይደረጋል?

በዘረመል ምርመራ ነው። ከትንኟ እግር ወይም ክንፍ ጥቂት ተወስዶ ዝርያን የሚለዩ የዘረመል ክፍሎቿ ተባዝተው ይነበባሉ። አስተማሪ ነገር አለ፦ አረቢየንሲስ ያለችበትን ቡድን ለመለየት በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት ምርመራ ስቴፈንሲ ስትገባበት ውጤት አይሰጥም። እንዲህ ያሉ መልስ ያልሰጡ ናሙናዎች «ምርመራው አልተሳካም» ተብለው ሊጣሉ ይችላሉ። አዲስ ዝርያ ደግሞ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ለምን በወጥመድ ቶሎ አልተያዘችም?

በየቤቱ የሚሰቀለው ባለ መብራት የትንኝ ወጥመድ ለአረቢየንሲስ ይሠራል፤ ስቴፈንሲ ግን በብዛት አትገባበትም። ከሰው ቤት ይልቅ በፍየልና በከብት በረት፣ በዕቃ ቤት ጥግ ማረፍ ትወዳለች። ከሰውም ከእንስሳትም ደም ትመገባለች። በኢትዮጵያ የተደረጉት አሰሳዎች የተሳካላቸው ዕጮቹን ከውኃ ማጠራቀሚያ ጨልፈው፣ በቤተ ሙከራ አሳድገው፣ ጎልማሳ ሲሆኑ በመለየት ነው።

አዲስ አበባ ትደርሳለች?

በሚገባ ጭነት ውስጥ ትንኝ መድረሷ አይከለከልም። ወባ ማስተላለፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፋልሲፓረም ተዋሲ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች እድገቱ እጅግ ይዘገያል፣ ትንኟም ከዚያ በፊት ትሞታለች። ቫይቫክስ በጥቂቱ ይበልጥ ብርድ ይችላል። በአገራችን ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ በላይ ናት። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ዋስትና ተደርጎ እንዳይታይ፣ ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ትንኟ ተገኝታባታለች።

አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት አይጠቅሙም ማለት ነው?

አጎበር ይጠቅማል፤ ተኝቶ የሚነከስ ሰው እስካለ ድረስ አይተውት። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ የተፈተኑት ስቴፈንሲዎች አጎበር የሚነከርበትን የፓይረትሮይድ ኬሚካል ጨምሮ ብዙዎቹን የተለመዱ ፀረ ትንኞች ተላምደዋል። ፒ.ቢ.ኦ. የሚባል አጋዥ ውሕድ የተጨመረባቸው አዳዲስ አጎበሮች ኃይሉን በተወሰነ ደረጃ ይመልሱታል። ሁለተኛ፣ ርጭት የሚደረገው በመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሆን እርሷ የምታርፈው በረት ውስጥ ነው። ስለዚህ ትግሉ ወደ ውኃው መውረድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ማስጠንቀቂያ ካወጣ በኋላ በ2022 በአፍሪካ ስርጭቷን ለመግታት ልዩ እንቅስቃሴ ሲጀምር የዕጭ ቁጥጥርን ከዋና ዋናዎቹ ሥራዎች አድርጎታል።

ታዲያ ውኃ ማጠራቀም እንተው?

ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ለሚመጣለት ሰው ይህን ማለት ስድብ ነው። ማጠራቀሙ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው አከዳደኑ ነው። ክዳኑ ክፍተት ሳይተው መግጠም አለበት፤ ጆንያ ጣል ማድረግ ወይም የተሰነጠቀ ቆርቆሮ መደገፍ እንዲያውም ጥላ ይፈጥርላታል። የሮቶ ማስተንፈሻና የትርፍ ውኃ መውጫ ቱቦ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በጥቅጥቅ ወንፊት ይታሰር። ትንንሽ ዕቃዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተደፍተው ግድግዳቸው ይፈግፈግ። ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ የሚፈጀው ጊዜ በሞቃት አገር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሆነ ሳምንታዊ መድፋት ዑደቱን ይቆርጠዋል። እነዚሁ እርምጃዎች የደንጊዋንም ትንኝ ያስቀራሉ።

ከየቤቱ በርሜል በላይ የሚያሳስበኝ የግንባታ ቦታ ነው። ለሲሚንቶ ማቡኪያ ተቆፍሮ ለወራት ክፍት የሚቆይ ጉድጓድ ባለቤት የለውም፤ ሠራተኛው የኮንትራክተሩ ነው ይላል፣ ኮንትራክተሩ የቀበሌው ነው ይላል። ሊደፋ የማይችል ትልቅ ውኃ ላይ ዕጭ የሚገድሉ ባክቴሪያዎችን ወይም ቴሜፎስ የተባለውን ፀረ ዕጭ ኬሚካል መጨመር ይቻላል፤ መጠኑን የሚወስነው ግን የጤና ባለሙያ እንጂ ባለ ግቢው አይደለም። የተቃጠለ ዘይት በሚጠጣ ውኃ ላይ በፍጹም አይፈስስም።

ዱባይ እኖራለሁ። ትንኟ እዚያም አለች ይባላል፤ ወባ ይይዘኛል?

ትንኟ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ነባር ናት። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ግን የመጨረሻውን በአገር ውስጥ የተላለፈ ወባ ያየችው በ1997 ሲሆን በ2007 ከወባ ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል። ትንኝ ያለ ተዋሲ ወባ አታስተላልፍም። ለእርስዎ አደጋው ያለው ዕረፍት ወጥተው ወደ አገር ቤት ሲመጡ ነው። ለብዙ ዓመታት ከወባ ርቆ የቆየ ሰው ቀድሞ ያዳበረው መቋቋም ይቀንሳል፤ ድሬዳዋ ወይም ጎዴ ከሚኖሩት ዘመዶቹ ይልቅ ሊበረታበት ይችላል። ከጉዞው በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ትኩሳት ከያዝዎት ከየት እንደመጡ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ወባ በሌለበት አገር ያለ ሐኪም በመጀመሪያ ወባን ላያስብ ይችላል።

ተጠርጣሪ ዕጭ ካገኘሁ ለማን ላሳይ?

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በአቅራቢያዎ ላለ ጤና ጣቢያ የወባ ባለሙያ። ዕጮቹን በነጭ ጭልፋ ወይም በነጭ ሳሕን ጨልፈው ከነውኃቸው በንጹሕ ጠርሙስ ያድርጉ፤ ጠርሙሱን እስከ አፉ አይሙሉት፣ አፉንም በቀጭን ጨርቅ እንጂ በክዳን አይዝጉት፤ አየር ካጡ ይሞታሉ። የሞተችም ብትሆን ጎልማሳ ትንኝ ካገኙ ሳትጨፈለቅ በደረቅ ትንሽ ዕቃ ከጥጥ ጋር ያስቀምጧት። በላዩ ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተገኘበትን ዕቃ ዓይነት ይጻፉ። «ከሮቶ፣ ክዳን የሌለው» የሚለው አጭር ማስታወሻ ለባለሙያው ከጠርሙሱ ያልተናነሰ ጥቅም አለው።